ድርብ አናት እና አረንጓዴ እንቁላል፦ የአንድ የጅማ ጊቢ የጉዳይ ጥናት

በጅማ ከተማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አርቢ ሰማያዊ እንቁላል ከሚጥል ዘር የመጣ አውራ ካስወለዳቸው ጫጩቶች መካከል የአናታቸው ሥጋ ድርብ የሆነውን ገና በጫጩትነታቸው መርጠው 12 ቄቦች አሳደጉ። ቄቦቹ መጣል ሲጀምሩ ሰባቱ አረንጓዴና ሰማያዊ እንቁላል ጣሉ። አምስቱ ግን ማንኛውም የአበሻ ዶሮ የሚጥለውን ፈዛዛ እንቁላል ነበር የጣሉት። አርቢዋ በተነገራቸው ደንብ መሠረት አሥራ ሁለቱም ባለ ቀለም እንቁላል መጣል ነበረባቸው። ደንቡ አጭር ነው፤ አናቷ ድርብ የሆነችው እንቁላሏ ሰማያዊ ይሆናል፣ ነጠላዋ፣ ማለትም የአናቷ ሥጋ አንድ ረድፍ ብቻ የሆነው፣ ደግሞ አይሆንም ይላል።

ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት ደንቡ ተራ ወሬ ስላልሆነ ነው። ከበስተጀርባው እውነተኛ ሳይንስ አለ። ነገር ግን የሚሠራው እናቶቹ ሁሉ ባለ ነጠላ አናት በሆኑበት መንጋ ውስጥ ብቻ ነው። የአገራችን ዶሮ በአናት ቅርጽ እጅግ የበለጸገ በመሆኑ ደንቡን እንዳለ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ስድስት ወር ቀልቦ ሲያበቃ ግማሽ ያህሉን ምርጫውን ሊያጣ ይችላል። ስድስት ወር መኖና ድካም ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

አርቢዋ የፈለጉት

እትዬ (ስማቸውን እተወዋለሁ) ለዓመታት የኖሩበት ሥራ ለበዓል አውራ ዶሮ ማቅረብ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣ ገዢ ብዙውን ጊዜ አውራውን ከማንሣቱ በፊት ላባውንና አናቱን ያያል። ቀይ ላባ ያለው ድርብ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ጥቁር ነጠላ ሥጋው የቱንም ያህል ቢሆን ዝቅ ብሎ ይሸጣል። ነጠላ የሚባለው ከምንቁሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ኋላ በአንድ ረድፍ የሚሄድ ባለ ጥርስ ቀይ ሥጋ ያለው ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ሁሉ ገበያው ድርብ ብሎ ይጠራዋል።

በሞቃት አገር ትልቅ ነጠላ አናት ሙቀት ለማስወጣት ይረዳል፤ ብርዱ በረዶ በሚሠራበት አገር ደግሞ ጫፉ በብርድ ይጎዳል። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጅማ ሁለቱም ችግር የለም። ስለዚህ እዚህ የአናት ቅርጽ የገበያና የዓይን ምርጫ ነው፤ የዶሮዋን ጤና አይነካም።

ከአውራ ዶሮው ጎን እትዬ አዲስ ነገር አሰቡ። እንግዳ የሚያሳርፍ አንድ ቤት ለቁርስ ገበታው ባለ ቀለም እንቁላል እንደሚፈልግ ነገራቸው። በአዲስ አበባ ለጌጥ ዶሮ ከሚያረባ ሰው ሰማያዊ እንቁላል ከምትጥል ዶሮ የተወለደ አንድ ድርብ አውራ ገዙና ከስድስት የአበሻ ዶሮዎቻቸው ጋር ለቀቁት። ሐሳባቸው የሚያስደስት ነበር፤ ከአንድ መንጋ ወንዱ ለበዓል፣ ሴቷ ለእንቁላል።

ደንቡ ከየት መጣ

ከደቡብ አሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ሰማያዊ እንቁላል ጣይ ዶሮ አራውካና ይባላል፤ መነሻው በቺሊ የማፑቼ ሕዝብ የሚኖርበት አካባቢ ነው። እንግሊዛዊው የዘር ተመራማሪ ረጂናልድ ፑኔት በ1933 እ.ኤ.አ. ሰማያዊው ቀለም በአንድ ገዢ ዘረ መል እንደሚወረስ አሳየ። ከእናትም ሆነ ከአባት አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰች ሴት ባለ ቀለም እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ቅጂ ካላት ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ይደምቃል። በ1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሩክነር እና ሃት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ዘረ መል የአተር ቅርጽ ከሚባለው የአናት ዓይነት (ገበያው ድርብ ከሚላቸው አንዱ ነው) ዘረ መል ጋር በአንድ ክሮሞሶም፣ ማለትም ዘረ መሎችን በተርታ በሚይዝ ክር፣ ላይ ተቀራርቦ እንደሚገኝ አስመዘገቡ። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ሁለቱ አብረው ይወረሳሉ፤ የሚለያዩት ከ100 ጫጩት ውስጥ በ3 እስከ 5 በሚሆኑት ብቻ ነው።

መቀራረብ ግን መንስኤ አይደለም። የአተር ቅርጹ እንቁላሉን ሰማያዊ አያደርገውም፤ ሰማያዊነቱም አናቱን ድርብ አያደርገውም። ጎረቤት ስለሆኑ ብቻ አብረው ይጓዛሉ። ክሪም ሌግባር የሚባለውን ዝርያ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ያንን ዝርያ ራሱ ፑኔት ከማይክል ፒዝ ጋር በካምብሪጅ ያወጣው ሲሆን አናቱ ነጠላ፣ እንቁላሉ ግን ሰማያዊ ነው። በእርሱ ዘር ቀንበሩ ተገልብጦ ተጠምዷል፤ የእትዬ አውራ ከዚያ ቢሆን ኖሮ ነጠላዎቹን ሸጠው ድርቦቹን ማስቀረታቸው ከሁሉ የከፋ ምርጫ ይሆን ነበር።

ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራም እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ የተጠቀምንበት ምርመራ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ቅርፊት ለመልበስ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሰማያዊው ቢሊቨርዲን የሚባል ቀለም ነው፤ ቅርፊቱ ሲሠራ ገብቶ እስከ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። ቡናማው ፕሮቶፖርፊሪን ይባላል፤ በብዛት የሚቀባው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነውና ላይ ላዩን ይቀራል። አረንጓዴ የሚባል ለብቻው የቆመ ቀለም የለም፤ ሰማያዊ ቅርፊት ላይ ቡናማ ሲቀባ ለዓይን አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ እናቷ ፈዛዛ ቡናማ የምትጥል ቄብ ከሰማያዊው አባት አረንጓዴ ትጥላለች፤ የእናቷ እንቁላል ነጭ ከሆነ ወደ ሰማያዊው ታደላለች። በእትዬ ጊቢ ሁለቱም የታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እናቶቹን ማየት

ወደ ጊቢው የተጠራሁት አምስቱ ቄቦች ተለይተው ከታወቁ በኋላ ነው። እትዬ አውራውን የሸጠላቸው ሰው ሌላ ዘር ቀላቅሎ እንደሰጣቸው እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ግን ከአውራው በፊት ሌላ ነገር ጠየቅሁ።

"እትዬ፣ እናቶቻቸውን ላያቸው እችላለሁ?"

"እናቶቹ ምን ያደርጉልሃል ልጄ? ዘሩ የመጣው ከአውራው ነው።"

ጉዳዩ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነበር። ስድስቱን ዶሮዎች አንድ በአንድ ይዘን አናታቸውን በጣት ዳሰስን። ሁለቱ ነጠላ ነበሩ። ሁለቱ ድርብ፣ ትክክለኛ የአተር ቅርጽ፤ ዝቅ ያለ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሦስት ረድፎች፣ መካከለኛው ትንሽ ከፍ ያለ። የቀሩት ሁለቱም ድርብ ይባሉ እንጂ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ሰፊ፣ ከላይ ጠፍጣፋ፣ በትናንሽ እብጠቶች የተሸፈነ፣ ከኋላ በሹል ጫፍ የሚያልቅ። ይህ የጽጌረዳ ቅርጽ ይባላል።

ከሁለቱ የአተር ዶሮዎች የተወለደች ቄብ ድርብነቷን ከእናቷ ልትወርስ ትችላለች። የእናቷ የአተር ዘረ መል ደግሞ ከቺሊ የመጣ አይደለም፤ አጠገቡ ሰማያዊ የለም። የጽጌረዳው ቅርጽ ዘረ መል ጭራሹን በሌላ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ የአተሩ በክሮሞሶም 1፣ የጽጌረዳው በክሮሞሶም 7። ከሁለቱ የጽጌረዳ ዶሮዎች የተወለደች ቄብ ድርብ መሆኗ ስለ እንቁላሏ ምንም አይናገርም። በስድስቱ ውስጥ የጫጩቷ አናት ስለ አባቷ በትክክል ሊመሰክር የሚችለው ከሁለቱ ነጠላ እናቶች ብቻ ነበር።

አውራውን የሸጠው ሰው አላታለለም። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው በጣም ነው ያዘኑት፤ ሰውየውን ለብዙ ሰው አምተውት ነበርና በዚያው ዕለት ስልክ ደወሉለት።

በጊቢው ሌላም ያልተፈታ ጥርጣሬ ነበር። የቤቱ አባወራ ጋሼ ከድርብ አውራና ከድርብ ዶሮ ነጠላ ጫጩት መፈልፈሉን አይተው የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ ገብቷል ብለው ያምኑ ነበር። አጥር የዘለለ የለም። የአተሩም ሆነ የጽጌረዳው ቅርጽ በነጠላው ላይ ገዢ ነው፤ አንድ ቅጂ ያለው ወላጅ ድርብ ሆኖ ይታያል፣ ነጠላውን ግን ተሸክሞ ይኖራል። እንዲህ ያሉ ሁለት ወላጆች ሲገናኙ ከአራት ጫጩት አንዱ ነጠላ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ አንዱ አተር ሌላው ጽጌረዳ ቢሆንም ስሌቱ ያው ነው። ሁለቱ ቅርጾች በአንድ ዶሮ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ከሁለቱም የማይመስል ሦስተኛ፣ አጭርና የተጨማደደ አናት ይወጣል። ይህን የዘር ተመራማሪዎቹ ባቴሰን እና ፑኔት ከመቶ ዓመት በፊት ያሳዩት ሲሆን ዛሬም በዘር ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ አለ። በሂርማታ ገበያ በቅርጫት ከተደረደሩት አውራ ዶሮዎች መካከል አራቱንም ቅርጽ በአንድ ጠዋት ማየት ይቻላል፤ ለእኔ ይህ ሁልጊዜ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ቅርፊቱን ከውስጥ ማየት

ከአምስቱ "ተራ" ቄቦች የአንዷ እንቁላል ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ቡናማ ነው እንዳይባል ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አረንጓዴ ነው እንዳይባል በጣም ደብዛዛ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የውጩን ቀለም ይዞ መከራከር አያስፈልግም። እንቁላሉን ሰብሮ ቅርፊቱን ማጠብ፣ ከውስጥ የተለጠፈውን ስስ ሽፋን መላጥ፣ ከዚያ ውስጡን በቀን ብርሃን ማየት ነው። ሰማያዊው ዘረ መል ካለ ውስጡም ሰማያዊ ይሆናል። ከሌለ ውጩ ምንም ዓይነት ቡናማ ይሁን ውስጡ ነጭ ነው። የዚያች ቄብ ቅርፊት ውስጡ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ከአምስቱ ጋር ቀረች።

ይህን ምርመራ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ፤ አንድ እንቁላል ብቻ ይጠይቃል፣ እንቁላሉም ለቁርስ ይበላል።

የማን እንቁላል የማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ምርመራውም አይጠቅምም። በጊቢው ሁሉም በሁለት ጎጆ ውስጥ ተቀላቅለው ይጥሉ ነበር። ለእያንዳንዷ በእግሯ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታሰረ፤ ዶሮዋ ስትገባ በሩ ከኋላዋ የሚዘጋ ጎጆም ከእንጨት ተሠራ። የእትዬ ልጅ ገብታ የወጣችውን ዶሮ ከእንቁላሏ ቀለም ጋር በደብተር መመዝገብ ጀመረች። ከዚያ በፊት በጊቢው የነበረው መረጃ በሙሉ ግምት ነበር።

ያልዳበሩት እንቁላሎች

በምርመራው መካከል ሁለተኛ ችግር ወጣ። እትዬ ከአዲሱ አውራ በፊት የነበራቸውን፣ ለውበቱ የሚሳሱለትን የጽጌረዳ ቅርጽ አውራ ለአንዳንድ ዶሮዎች መልሰው ያስጠቁበት ነበር፤ ከታቀፉት እንቁላሎች ብዙዎቹ አይፈለፈሉም። ጥፋቱ በታቃፊዋ ዶሮ ላይ ተጥሎ ነበር።

ያልታቀፈ ትኩስ እንቁላል ሰብረን በአስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ አየን። የዳበረ እንቁላል ነጥብ በዙሪያዋ ክብ ቀለበት አላት፤ ያልዳበረው ትንሽ፣ ድፍንና ቅርጽ የሌለው ነጭ ነው። አብዛኞቹ ያልዳበሩ ነበሩ። ታቃፊዋ ነጻ ወጣች።

ምክንያቱ በአናቱ ውስጥ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው የጽጌረዳ ቅርጽ የሚመጣው በክሮሞሶም 7 ላይ አንድ ረጅም ክፍል ተገልብጦ በመቀመጡ ነው፤ ክፍሉ ተቆርጦ ሲገለበጥ ለወንዱ የዘር ፍሬ እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ሌላ ዘረ መል ይበጥሳል። አንድ ቅጂ ያለው አውራ ደኅና ነው። ሁለት ቅጂ ያለው ግን የማዳበር አቅሙ ይቀንሳል፤ በተለይ ከሌላ አውራ ጋር ሲሻማ። ለአርቢ የሚሆነው ምክር ቀላል ነው፤ ለዘር የሚቀመጥ የጽጌረዳ አውራ እናቱ ወይም አባቱ ነጠላ የሆነውን መምረጥ። ያ አውራ አንድ ቅጂ ብቻ እንደያዘ የተረጋገጠ ነው። የአተር ቅርጽ ይህ ጉድለት የለበትም።

የአገራችን አርቢ መንጋውን ሁልጊዜ ድርብ ከድርብ እያገናኘ ነጠላውን ሲያስወግድ ሳያውቀው ሁለት ቅጂ ያላቸውን የጽጌረዳ አውራዎች እያበዛ ሊሄድ ይችላል። ይህ ብዙ ሊነገርበት የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል።

አዲሱ አሠራር

እትዬ ለመቀበል የከበዳቸው ምክር ይህ ነበር፤ ድርብና ባለ ቀለም እንቁላል ለማግኘት እናቶቹን ነጠላ ማድረግ። ገበያው የሚንቃቸውን፣ በርካሽ የሚሸጡትን ነጠላ ዶሮዎች ለዘር መግዛት።

"ነጠላ ገዝቼ ጊቢዬን ልሙላ?" አሉኝ።

"ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው እትዬ። የጫጩቱ አናት ስለ አባቱ እንዲመሰክር እናቲቱ ዝም ማለት አለባት።"

ነጠላ የሆነች ዶሮ የአተርም የጽጌረዳም ዘረ መል የላትም፤ ቢኖራት ነጠላ አትሆንም ነበር። ስለዚህ ከእርሷ የሚወለድ ድርብ ጫጩት ሁሉ ድርብነቱን ከአባቱ ነው የወሰደው፤ ከዚያም ጋር ቀንበሩን የሚጋራውን ሰማያዊ። የእትዬ አውራ ከነጠላ ዶሮዎች ነጠላ ጫጩቶችም እንደሚያስወልድ ከፊተኛው ምድብ ታይቶ ነበር። ስለዚህ የአተሩን አንድ ቅጂ ብቻ ነው የያዘው፤ ግማሽ ያህሉ ጫጩት ነጠላ ይሆናል ማለት ነው። የአተር ቅርጽ በጥንቃቄ ላየው ገና በተፈለፈለ ጫጩት አናት ላይ ይለያል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ለማንም ግልጽ ይሆናል። ነጠላዎቹ ቀድመው ይሸጣሉ፣ መኖው ለተመረጡት ይቀራል።

ፈንግል በጊቢው አንድ ጊዜ ገብቶ ብዙ ጎድቶ ስለነበር ክትባቱ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ተሰጠ። ለመታቀፍ የሚቀመጡ እንቁላሎችም ከአንድ ሳምንት በላይ እንዳይቆዩ ተደረገ።

ከነጠላዎቹ እናቶች ከተወለዱት ድርብ ቄቦች እስካሁን መጣል የጀመሩት ሁሉ ባለ ቀለም ናቸው፤ አብዛኞቹ አረንጓዴ። ቀንበሩ አልፎ አልፎ እንደሚፈታም በራሱ በሰፈሩ ውስጥ ማስረጃ ተገኘ። ከፊተኛው ምድብ ነጠላ ናት ተብላ ለጎረቤት የተሸጠች ቄብ አረንጓዴ መጣል ጀመረች። እትዬ መልሰው ሊገዟት ሞከሩ፤ ጎረቤትየዋ አልሰጠችም፣ ትክክልም ናት።

ሽያጩ እንደተጠበቀው ቀላል አልሆነም። በሂርማታ ገበያ አረንጓዴ እንቁላል ያየ ገዢ ተበላሽቷል ብሎ ያልፋል። የቅርፊት ቀለም ከውስጡ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አስኳሉን ቢጫ የሚያደርገው ዶሮዋ የምትለቅመው ሣርና የምትበላው እህል ነው። ይህን በገበያ መካከል ለእያንዳንዱ ገዢ ማስረዳት ግን አይቻልም። አሁን የሚበላው እንቁላል ለእንግዳ ማረፊያው ብቻ ይሄዳል። ከእርሱ የተሻለ ገቢ ያመጣው ሌሎች አርቢዎች ለማስፈልፈል የሚገዙት የዳበረ እንቁላል ነው፤ እትዬ ሲሸጡ የእናቲቱን የአናት ዓይነት ከደብተሩ እያነበቡ ይነግሯቸዋል።

የሚቀረው ሥራ የወንዶቹ ነው። አውራ እንቁላል አይጥልም፤ ሁለት ቅጂ የያዘውን ከአንድ ቅጂው በዓይን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የመጀመሪያው ትውልድ እርስ በርስ ተገናኝቶ ከወለዳቸው ድርብ ወንዶች ከሦስት አንዱ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ የእርሱ ሴት ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ ቀለም ይሆናሉ። እርሱን ለማግኘት ሴት ልጆቹ እስኪጥሉ ግማሽ ዓመት መጠበቅ ግድ አይደለም። አውራውን ከነጠላ ዶሮዎች ጋር አገናኝቶ የጫጩቶቹን አናት ማየት ይበቃል። አንድ ነጠላ ጫጩት ከወጣ አውራው አንድ ቅጂ ብቻ አለው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አውራ ሰባት ጫጩት በተከታታይ ድርብ የማስወለድ ዕድሉ ከ128 አንድ ነው፤ ሰባቱም ድርብ ከሆኑ ሁለት ቅጂ እንዳለው መገመት ይቻላል። እትዬ ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ ሁለት አውራዎች ለዚህ ፈተና አስቀምጠዋል። አንደኛው በመጀመሪያው ፍልፈላ ነጠላ ጫጩት ስላወጣ ለገና ገበያ ተመድቧል፤ የሁለተኛው ዶሮዎች ገና ታቅፈዋል።